ባሕር ሳናይ የባሕር ሮንዶ እንዴት እንጽፋለን? ከቱሉ ዲምቱ በረንዳ ላይ የተጻፈ መመሪያ

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ እኛ ጋ ስለሆነ ሌሊት ሌሊት ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች ፍሬን ሲይዙ ማርሽ ሲቀይሩ በረንዳዬ ድረስ ይሰማል፣ ባሕር ማለት ለኔ ለብዙ ጊዜ ያ ድምፅ ነበር። ቢሆንም ስለ ፍቅር፣ ሰው ስለማጣትና ስለ ባሕር ሮንዶ የሚባል ግጥም ጽፌያለሁ። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ አብዛኛው ጊዜ የባከነው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ስላላወቅኩት ነው፣ ስለዚህ እናንተ እንዳትንከራተቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ቅርጹን በደንብ እወቁት

ሮንዶ የፈረንሳዮች ግጥም ነው። ስሙ "ክብ" ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ሲጀመር እየዘፈኑ የሚጨፍሩበት ነበር፣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ እንደኛ ዘፈን አዝማች አለው። በኋላ ጭፈራው ቀርቶ ግጥሙ ብቻ ራሱን ቻለና አሁን ሮንዶ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ባለ 15 ስንኙን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሦስት አንጓ አለው፣ የመጀመሪያው 5 ስንኝ፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 6። ከ15ቱ 13ቱ ሙሉ ስንኝ ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ (9ኛውና 15ኛው) አዝማቹ ናቸው። አዝማቹ ደግሞ ከውጭ አይመጣም፣ የመጀመሪያው ስንኝ የመጀመሪያ ግማሽ ተቆርጦ ነው ተመልሶ የሚመጣው። ቤት የሚመታው በሁለት ዓይነት ብቻ ነው፣ አንዱን ሀ ሌላውን ለ ብንለው፦

ሀ ሀ ለ ለ ሀ
ሀ ሀ ለ + አዝማች
ሀ ሀ ለ ለ ሀ + አዝማች

ቁጠሩት፣ ሀ ስምንት ጊዜ ለ አምስት ጊዜ ነው። አዝማቹ ቤት መምታት አይጠበቅበትም፣ ብቻውን ነው የሚቆመው፣ እንደውም ከሌሎቹ ጋር አለመግጠሙ ነው ጆሮ ላይ የሚያስቀረው።

ይሄ ቅርጽ ለማጣት ለምን እንደሚሆን ለማየት ሻርል ዶርሊያን የሚባለውን የፈረንሳይ መስፍን ማሰብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1415 አዠንኩር በተባለው ጦርነት እንግሊዞች ማረኩትና 25 ዓመት እንግሊዝ አገር ታስሮ ኖረ፣ የተለቀቀው በ1440 ነው። ሚስቱ እሱ እስር ላይ እያለ ሞተችበት። ዶቨር ከምትባለው የእንግሊዝ ወደብ ሆኖ ባሕሩን ተሻግሮ አገሩን ሲያይ የተሰማውንም በግጥም ጽፎታል፣ በሕይወቱ ደግሞ በጣም ብዙ ሮንዶ ጽፏል። ባሕር ማዶ ሰው ያለው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ሲደጋግም የሚውለው፣ ይሄን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ አልቃሿ አንድ ሐረግ ታወጣለች፣ ሰው ይቀበላታል፣ ትዞርና ያንኑ ሐረግ በሌላ ነገር ላይ ታሳርፈዋለች፣ በሁለተኛው ያላለቀሰ በሦስተኛው ያለቅሳል። ሙሾ የሚያውቅ ጆሮ ሮንዶ አይከብደውም።

ከሁሉም በፊት አዝማቹን ፈልጉ

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ያማረ ስንኝ ጻፍኩ፣ ከዛ ግማሹን ቆርጬ አዝማች ላደርገው ስል ሦስቱም ቦታ (1ኛው፣ 9ኛውና 15ኛው ስንኝ) ላይ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለው። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቴም አንድ ትርጉም ካለው ያ አዝማች ሞቷል፣ ጊዜ አታባክኑበት ጣሉት። አዝማቹ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ መለወጥ አለበት። እኛ ደግሞ ለዚህ የታደልን ነን፣ ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ነን፣ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲይዝ ማየት አዲስ ነገር አይደለም ለኛ።

የአማርኛ ግሥ ሌላም ስጦታ አለው፣ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። "ቀረ" ብላችሁ ስትጽፉ ማን እንደቀረ አልጻፋችሁም፣ ከፊቱ ያለው ስንኝ ነው የሚነግራችሁ። እስቲ "ቀረ"ን ብቻዋን እዩአት፦ ጠብቀነው ሳይመጣ ቀረ፣ ሰርጉ ቀረ (ተሰረዘ)፣ እሱ እዛው ቀረ (አልተመለሰም)፣ ሩብ እንጀራ ቀረ (ተረፈ)። አንዷ ቃል መቅረትም መትረፍም ናት! ይሄን ያየሁ ቀን ነው ግጥሙ የተጀመረው፣ አዝማቼም ይሄ ሆነ፦

ባሕር ማዶ ቀረ

ሙከራው ቀላል ነው። ሐረጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና ከፊቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አስገቡ። "ሳቁ... ባሕር ማዶ ቀረ።" "የት ደረሰ ሲሉኝ... ባሕር ማዶ ቀረ።" "ልቤ... ባሕር ማዶ ቀረ።" መጀመሪያው ሐዘን ነው፣ ሁለተኛው ለሰው የሚሰጥ መልስ ነው እንደውም ውሸት ሊሆን ይችላል፣ ሦስተኛው ላይ የቀረው ሌላ ነው። ሦስቱንም ከያዘ በቃ እሱ ነው። "ጨው ብቻ ተረፈኝ" የሚለውንም ሞክሬው ነበር ጥሩ ነው፣ የፈለገ ይውሰደው። "እወድሃለሁኝ" ግን አይሆንም፣ መቶ ጊዜ ብትሉት አንድ ነው።

አዝማቹ የግድ ከባድ ቃል መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1915 አንድ ካናዳዊ ወታደር ሐኪም ቤልጂየም ውስጥ ጦር ግንባር ላይ ወዳጁን ከቀበረ በኋላ የጻፈው ሮንዶ እስከዛሬ በብዙ አገር ይነበባል፣ የሱ አዝማች የቦታ ስም ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ባሕሩን ከየት እናምጣው?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸነፋል። ባሕር አላየሁም ይልና ወይ ይተወዋል ወይ ከፖስት ካርድ የወሰደውን ሰማያዊ ባሕርና ጀምበር ስትጠልቅ ይጽፋል። የኔም የመጀመሪያ ድራፍት "ሰማያዊው ባሕር" ብሎ ነበር የሚጀምረው፣ ሳነበው የማን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ስለዚህ ባሕሩን ከቤታችሁና ከሰፈራችሁ ውስጥ ልቀሙት፣ ከምታስቡት በላይ አለ።

ባሕር ዛፍ አለ። አፄ ምኒልክ ዘመን ላይ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ አልነው፣ ስንጠራው በኖርን ቁጥር ባሕርን ስንጠራ ነው የኖርነው። ማታ ንፋስ ሲነሳ ከሥሩ ቁሙና ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ከሩቅ ይመጣል፣ እየጨመረ ይመጣል፣ ጭንቅላታችሁ ላይ ይደርስና ያልፋል፣ ከዛ ዝም ይላል፣ እንደገና ከሩቅ ይጀምራል። ከኛ ብሎክ ጀርባ የገበሬ ባሕር ዛፍ ነበር፣ ለአጣና ተቆርጦ አለቀ፣ አሁን በቦታው ፎቅ እየተሠራ ነው፣ የተቆረጠው አጣና እዛው ፎቁ ላይ ተጋድሞ ሠራተኛ ይራመድበታል።

ኮንቴይነር አለ። ገላን ወይ ቃሊቲ በኩል ስታልፉ የቆሙትን ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ ታችኛው ጠርዛቸው ዝጎ ተልጧል። ሞጆ ያለውን ደግሞ ደረቅ ወደብ ነው የምንለው፣ ደረቅና ወደብን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሳያስበው ግማሽ ስንኝ ጽፏል። ከፍታችንም ቢሆን የሚለካው ከባሕር ጠለል ነው፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ቆመን ከማናየው ነገር ነው ስንለካ የምንኖረው።

ጨው አለ። የአፋር ጨው፣ ድሮ አሞሌ እየተባለ እንደ ገንዘብ ይዞር የነበረው፣ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ዳናኪል ገብቶ ደርቆ የተወው ነው። ወጥ ውስጥ ያለው ባሕር ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር እንድትሠሩ እፈልጋለሁ፣ እባካችሁ አትዝለሉት። የቀይ ባሕር ውኃ ከሌላው ባሕር ይበልጥ ጨዋማ ነው፣ በሊትር ወደ 40 ግራም ጨው አለው፣ የዓለም ባሕር አማካይ 35 አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 40 ግራም ጨው (ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞላ አድርጋችሁ) አሟሙና ጠቆር ያለ የጥጥ ልብስ ነክራችሁ በረንዳ ላይ ስጡት። ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ይወጣበታል፣ ስታጥፉት ይንኮሻኮሻል፣ ምላሳችሁን ብታስነኩት ትርጉም አያስፈልገውም።

እኔ ይሄን የማውቀው በሌላ መንገድ ስለደረሰኝ ነው። አንድ ሾፌር አንድ ሻንጣ አምጥቶ ሰጠኝ፣ ኦቦክ (ጅቡቲ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ) ላይ አንድ ልጅ አደራ ብሎት ነው፣ ውስጡ ሁለት ሸሚዝና አንድ ሹራብ ነበረ። ሹራቡ ሳይታጠብ ነው የታጠፈው፣ ስዘረጋው ክንዱ ተጣብቆ እንደ ካርቶን ጠጥሮ ነበር፣ ብብቱ ሥር ነጭ ክብ አለ። አላጠብኩትም። ግጥሙ ውስጥ ያለው "ጨው የነካው ጨርቁ" የሚለው ያ ነው፣ እሱን ስንኝ ለመጻፍ ምንም አልተቸገርኩም፣ ከ13ቱ በአንድ ጊዜ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉና በአንድ በኩል ከባሕር በሌላው በኩል ካጣችሁት ሰው የመጣውን ዕቃ ጻፉ፣ ዕቃ ነው ያልኩት፣ ስሜት አትጻፉ። ሻንጣ፣ በር፣ አጥር፣ ጨርቅ፣ ዛፍ። አምስት ስድስት ይበቃል፣ 15 ስንኝ ውስጥ ከዛ በላይ አይገባም። አንድ ነገር ላሳስብ፣ ባሕር ስንል ወዲያው ወደብ፣ ድንበር፣ ፖለቲካ ይመጣል፣ እሱ ትልቅ ጉዳይ ነው ግን ሌላ ግጥም ጻፉለት። ይሄኛው ስለ አንድ ሰው ነው፣ አገር ከገባበት ሰውየው ይጠፋል።

ቀለም መቁጠር

ፈረንሳዮቹ ስንኙን ብዙውን ጊዜ በ8 ወይም በ10 ቀለም (በአፍ ሲነገር አንዴ የሚወጣ የቃል ቁራጭ) ነው የሚሠሩት። እኛ የራሳችን ቤት (የስንኝ ልክ) ስላለን እሱን እንጠቀም፦ የወል ቤት 6 እና 6፣ ሰንጎ መገን 5 እና 5፣ ቡሄ በሉ 4 እና 4። የኛ ስንኝ መሀሉ ላይ ትንፋሽ መውሰጃ አለው፣ ሮንዶ ደግሞ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ስንኝ ግማሽ ነው፣ ስለዚህ አዝማቹ የት ጋ ይቆረጥ ብላችሁ አትጨነቁም፣ የወል ቤት ራሱ ስድስት ላይ ቆርጦ ይሰጣችኋል። ይሄ ቅርጽ ለኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ለሐዘን የወል ቤትን እመርጣለሁ፣ ቡሄ በሉ ይፈጥናል፣ ያስጨፍራል፣ ሰንጎ መገን ሊሆን ይችላል።

ስትቆጥሩ ፊደል አትቁጠሩ፣ በአፋችሁ በሉት። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይቆጠራል አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ተደግፎ ይዋጣል። "ባሕር" ሦስት ፊደል ነው ግን ሁለት ቀለም ነው፣ ባ-ሕር። "ድምፅ" ሦስት ፊደል አንድ ቀለም። የመጀመሪያው ስንኜ ሲበተን እንዲህ ነው፦

ባ-ሕር-ማ-ዶ-ቀ-ረ / ያ-የ-ማ-ታው-ሳ-ቁ

ስድስት፣ ስድስት። ጭናችሁን እየመታችሁ ቁጠሩ፣ ስልካችሁ ላይ ቮይስ ቅዱና መልሳችሁ ስሙት፣ እጃችሁ ከተደናቀፈ ስንኙ ተደናቅፏል። ስድስተኛውን ስንኝ መጀመሪያ "ጎረቤቶቼ መጥተው" ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ሰባት ሆነ፣ በዓይኔ አላየሁትም በጭኔ ነው ያገኘሁት፣ "ጎረቤቶች" ሳደርገው ልክ ገባ። "ማዕበል" የሚለው ቃልም ያታልላል፣ ቶሎ ሲነገር ማበል ይሆንና ሁለት ነው፣ እኔ ዕን በድምፅ አውጥቼ ሦስት ነው ያደረግኩት፣ ስታነቡትም እንደዛ አንብቡት።

ቤት መድፊያ ቃላት መልቀም

ከመጻፋችሁ በፊት ለሀ ቢያንስ 15፣ ለለ 10 ቃል ልቀሙ። የአማርኛ ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ ባለው ድምፅ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ነው፣ "ይመስለኛል፣ ይሰማኛል፣ ያመኛል" እያላችሁ አስር ገጽ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ሁሉም ግሥ ሁሉም አንድ ቅጥያ፣ ጆሮ ሦስተኛው ላይ ይተኛል። ስምና ግሥ ቀላቅሉ። እኔ ለሀ "ቁ"ን መረጥኩ፦ ሳቁ፣ ጨርቁ፣ ጥልቁ፣ ጭንቁ፣ ሩቁ፣ ስንቁ፣ ወርቁ፣ እርቁ፣ ራቁ፣ አለቁ፣ ደረቁ፣ ጠየቁ፣ አወቁ፣ ናፈቁ፣ ጠበቁ። ለለ ደግሞ "ሬ"፦ ሰፈሬ፣ በሬ፣ አጥሬ፣ ከንፈሬ፣ ዛሬ፣ ወሬ፣ አገሬ፣ ፍቅሬ። "ቁ" ጉሮሮ ውስጥ የሚቋረጥ ድምፅ ነው፣ ሳግ ይመስላል፣ ለዛ ነው የወደድኩት። "አገሬ"ን እና "ፍቅሬ"ን ጣልኳቸው፣ እነሱ ከገቡ ሌላውን ሁሉ ይሸፍኑታል።

ዝርዝሩን ከዕቃዎቹ ዝርዝር ጎን አስቀምጡትና አገናኙ። ጨርቁ ከሻንጣው ጋር፣ በሬ ከማዕበሉ ጋር፣ አጥሬ ከባሕር ዛፉ ጋር። ይሄ ሲሆን ግጥሙ ግማሽ ተጽፏል።

አሁን ጻፉ፣ ግን ከላይ ወደ ታች አይደለም

መጀመሪያ 1ኛውን ስንኝ ጨርሱ። ከዛ ዝለሉና 8ኛውን ጻፉ፣ ከዛ 14ኛውን። ለምን? እነዚህ ሁለቱ ናቸው አዝማቹን የሚያስገቡት፣ በሩ እነሱ ናቸው። 8ኛው በራሱ አልቆ ቢቆም አዝማቹ ተለጥፎ ይታያል፣ ስለዚህ 8ኛውና 14ኛው ዓረፍተ ነገራቸው ሳይዘጋ አዝማቹ እንዲዘጋላቸው አድርጓቸው። እኔ 8ኛውን "አንዲት ሐረግ ብቻ ወጣች ከከንፈሬ" አልኩት፣ ሰሚው የቷ ሐረግ? ብሎ ይጠብቃል። 14ኛው ላይ ባለቤቱን ብቻ አስቀምጬ ግሡን ለአዝማቹ ተውኩት። እነዚህ ሦስቱ ከቆሙ በኋላ መሀሉን መሙላት ቀላል ነው ባልልም መንገዱ ይታያል።

የመጀመሪያው አንጓ ሁኔታውን ያሳይ፣ ሁለተኛው ሰው ያስገባ (ጠያቂ፣ ጎረቤት፣ እናት)፣ ሦስተኛው ላይ ጊዜ ይለፍ። ይሄ ሕግ አይደለም ግን አዝማቹ ትርጉም እንዲቀይር ከሥሩ ያለው መሬት መንቀሳቀስ አለበት፣ ሦስቱም አንጓ አንድ ማታ ላይ ከሆነ ይከብዳል። የኔ ይኸው፦

ባሕር ማዶ ቀረ ያ የማታው ሳቁ፣
ሻንጣው ተመለሰ ጨው የነካው ጨርቁ፤
ባሕር ዛፉ ጮኸ ሲመሽ በሰፈሬ፣
ማዕበል መሰለኝ ደርሶ እስከ በሬ፣
ብከፍተው ጨለማ፣ የሌሊቱ ጥልቁ።

ጎረቤቶች መጥተው ወሬ ሲጠይቁ፣
አንደበቴ ታስሮ ቃላቴ ሲደርቁ፣
አንዲት ሐረግ ብቻ ወጣች ከከንፈሬ፦
ባሕር ማዶ ቀረ።

ክረምቱም ወጣና ደመናዎች ራቁ፣
ባሕር ዛፎች ሁሉ ተቆርጠው አለቁ፣
ነፋሱም ድምፅ አጣ፣ ጭር አለብኝ አጥሬ፣
ማንም አያንኳኳም እንደ ትናንት ዛሬ፤
ሲጠብቅ የኖረው ልቤ ከነጭንቁ
ባሕር ማዶ ቀረ።

እንግዲህ ፈትሹት። ሀ ስምንት ነው፦ ሳቁ፣ ጨርቁ፣ ጥልቁ፣ ሲጠይቁ፣ ሲደርቁ፣ ራቁ፣ አለቁ፣ ጭንቁ፣ አራቱ ስም አራቱ ግሥ። ለ አምስት። በሩ አንደኛው አንጓ ላይ ይከፈታል፣ ሦስተኛው ላይ ማንም አያንኳኳውም፣ ባሕር ዛፉ መጀመሪያ ይጮኻል በኋላ ይቆረጣል። አዝማቹ ሲመለስ ብቻውን አይመለስ፣ ሌሎቹም ዕቃዎች አንድ አንድ ጊዜ ተለውጠው ይመለሱ፣ ሮንዶን ክብ የሚያደርገው ይሄ ጭምር ነው። 14ኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም አላደረግኩም፣ ሆን ብዬ ነው፣ ዓይን ሳይቆም ወደ አዝማቹ እንዲወርድ። ስልክ ላይ ስትጽፉ ኪቦርዱ ራሱ ምልክት እየጨመረ ያበላሽባችኋልና ተጠንቀቁ።

ያልወደድኩት ስንኝም አለ። 10ኛው፣ "ደመናዎች ራቁ" የሚለው፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነው፣ ጊዜ ማለፉን ከመናገር ሌላ ሥራ የለውም። ስሞክር ስሞክር የተሻለ ስላጣሁ ተውኩት። እናንተ ከ13ቱ አንድ እንደዚህ ያለ ቢኖራችሁ ይቻላል፣ ሦስት ከሆኑ ግን ወደ ዕቃዎቹ ዝርዝር ተመለሱ፣ ያልተነካ ዕቃ አለ ማለት ነው።

አስቀምጡት፣ ከዛ ለሰው አንብቡት

ቢያንስ አንድ ሳምንት አትዩት። ከዛ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አዝማቹን ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ድምፅ አታንብቡ። የመጀመሪያው ላይ ከስንኙ ጋር አያይዛችሁ እለፉት፣ ሁለተኛው ላይ ለጎረቤት እንደሚመለስ መልስ ቶሎ ብላችሁ በሉት፣ ሦስተኛው ላይ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ትንፋሽ ውሰዱ።

የሚሰማችሁ ሰው ሮንዶ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቢሆን ይሻላል፣ ስለ ቅርጹም ምንም አትንገሩት። እኔ ያነበብኩት ታች ፎቅ ላሉ እናት ነው፣ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ። እሳቸው ሻንጣው የመጣ ቀን እኔ ጋ ነበሩ። ሳነብ ረከቦቱን እያዩ ዝም ብለው ሰሙኝና ጨርሼ ትንሽ ቆይተው "እማማ፣ እንዴት ነው?" ስላቸው "የፊተኛው ላይ እሱ ነው የቀረው፣ መሀል ላይ ለሰው ያልሽው ነው" አሉኝ፣ ከዛ ስኒዬን እየተቀበሉኝ "የኋለኛው ላይ ግን ልጄ፣ አንቺ ነሽ እኮ የቀረሽው" አሉ።

ሰሚያችሁ እንዲህ ሳትጠይቁት ሦስቱን ከለየላችሁ ግጥሙ አልቋል፣ ከዛ በኋላ አትነካኩት። "ለምንድነው የምትደጋግሚው?" ካላችሁ ደግሞ አዝማቹ አልሠራም ማለት ነው፣ መሀሉን አትጠግኑ፣ 8ኛውንና 14ኛውን ቀድዳችሁ እንደ አዲስ ጻፏቸው። እኔ ከዛ ቀን በኋላ የነካሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ 13ኛው ላይ የነበረውን አራት ነጥብ ድርብ ሰረዝ አደረግኩት።